የሁጎን እጅ አትልቀቁ፦ «ኤ ፕሌግ ቴል፦ ኢኖሰንስ»ን ለሚጀምሩ

ፊፋ ለሰለቻችሁ፣ ተኩስ ብቻ የሆነ ጌም ለታከታችሁ፣ ግን ደግሞ መቶ ሰዓት የሚበላ ነገር ለመጀመር ጊዜው ለሌላችሁ አንድ ጌም ልጠቁማችሁ። «ኤ ፕሌግ ቴል፦ ኢኖሰንስ» ይባላል፤ አሚሲያ የምትባል ልጅና ትንሹ ወንድሟ ሁጎ ከወታደርና ከአይጥ መንጋ እየተደበቁ የሚሸሹበት ጌም ነው። አዲስ አይደለም። የወጣው ግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ 2019 መሆኑ ነው። የሠራው አሶቦ ስቱዲዮ የሚባል የፈረንሳይ ድርጅት ነው፤ በኋላ የማይክሮሶፍትን የ2020 የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም፣ ፍላይት ሲሙሌተርን፣ የሠሩት እነሱ ናቸው። አውሮፕላን ከማብረራቸው በፊት አይጥ ነበር የሚያረቡት ማለት ነው።

ይሄን የምጽፈው የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እንዴት እንደምትይዟቸው ለመንገር ነው። ጀምረውት ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። የሁሉም ቅሬታ አንድ ነው፦ «ልጅቷ ቶሎ ትሞታለች፣ መዋጋት አትችልም።» እውነት ነው፣ አትችልም። አሚሲያ 15 ዓመቷ ነው። መሣሪያዋ ወንጭፍ ነው። በሌላኛው እጇ ደግሞ የ5 ዓመት ወንድሟን ሁጎን ይዛለች። ጌሙ የሚጠይቃችሁ ልጁን ይዛችሁ ከዚህ እዚያ እንድትደርሱ ነው። ይሄን አንዴ ከተቀበላችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

መጀመሪያ ማሽኑ። ፒኤስ4 ወይም ኤክስቦክስ ዋን ላላችሁ ብዙ ወሬ የለም፣ ይሠራል። ላፕቶፕ ላይ ለምትሞክሩ ግን ጠንቀቅ በሉ። ቢያንስ 8 ጊጋ ራም፣ 50 ጊጋ ባዶ ቦታ እና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ዝቅተኛው ጂቲኤክስ 660 ነው፤ ደህና አድርጎ እንዲሄድላችሁ ከፈለጋችሁ 16 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 970 ይላል። ለቢሮ ሥራ የተገዛ ላፕቶፕ ላይ ፋኑ ይጮኻል እንጂ ጌሙ አይሄድም። ሻጩ «ይጭናል» ካላችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ እዩ። መጫንና መጫወት ለየቅል ናቸው። 50 ጊጋ በሞባይል ዳታ አወርዳለሁ ማለት ደግሞ ኪስን ማራቆት ነው። ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ጋ ሌሊቱን ሲወርድ ይደር፣ ወይም ሲዲውን ግዙ።

ፒያሳም ሆነ መርካቶ ያገለገለ ሲዲ ስትገዙ ጀርባውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ቀጫጭን ጭረት ብዙም ችግር የለውም። ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት የሚይዝ ጭረት ካለ ግን መልሱለት። ከተቻለ ሱቁ ውስጥ ባለው ማሽን አስገብታችሁ መነሳቱን አረጋግጡ። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጨማድድም ግድ የለም።

ቀጥሎ መብራት። ጌሙ በፈለጋችሁት ሰዓት ሴቭ ማድረግ አያስችልም፣ በየቦታው ራሱ ነው ሴቭ የሚያደርገው። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ወደ መጨረሻው ሴቭ ትመለሳላችሁ። ደግነቱ ቦታዎቹ የተቀራረቡ ናቸው፣ ብዙ አያስለፋም። ዋናው ነገር ጌሙ ሴቭ እያደረገ ባለበት ሰዓት ማሽኑን አለመንቀል ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ አዲስ ምዕራፍ አትክፈቱ። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ዩፒኤስ ካላችሁ ቢያንስ በወጉ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣችኋል። ምዕራፎቹ ከመደምደሚያው ጋር 17 ናቸው፣ ጠቅላላው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ማታ ማታ አንዳንድ ምዕራፍ ጨርሶ መተኛት የሚያዋጣ አካሄድ ነው። ያለቀውን ምዕራፍ ከሜኑ መርጣችሁ እንደገና መግባት ስለምትችሉ የዘለላችሁት ነገር አያንገብግባችሁ።

ጌም ቤት ገብቼ ልሞክረው ለምትሉ ምክሬ አጭር ነው፦ ተዉት። በግራ በኩል ጎል ገብቶ ሰው ወንበር ይገለብጣል። በቀኝ በኩል «አንተ፣ ስንት ደቂቃ ቀረህ?» የሚል ልጅ ትከሻችሁ ላይ ቆሟል። እናንተ ደግሞ ሳር ውስጥ ተንበርክካችሁ የጠባቂ ኮቴ ለመስማት ጆሯችሁን አቁማችኋል። አይገናኝም። የግድ ከሆነባችሁ ግን ማሽኑ ላይ የራሳችሁን ዩዘር አስከፍቱና በእሱ ተጫወቱ፣ አለዚያ ሌላው ሰው ሴቫችሁ ላይ ይረማመድበታል።

ቤት ውስጥም ቢሆን በቲቪ ስፒከር አትጫወቱት። የዚህ ጌም ግማሹ ድምፅ ነው። ሄድሴት ከሌላችሁ የስልክ ኢርፎን ይበቃል፦ የፒኤስ4 ጆይስቲክ ከታች በኩል ቀዳዳ አለው፣ እዚያ ሰኩት። ከሰካችሁ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የኦዲዮው መውጫ ላይ «ኦል ኦዲዮ» የሚለውን ምረጡ፤ ካልመረጣችሁ የምትሰሙት ጓደኛ ሲያወራችሁ ብቻ ነው፣ ጌሙ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ጠባቂው በየት በኩል እንዳለ በጆሯችሁ ታውቃላችሁ። አይጦቹ ከግድግዳው ጀርባ ሲንጫጩም ከማየታችሁ በፊት ትሰማላችሁ። በነገራችን ላይ አራት ኪሎና ፒያሳ ዙሪያ በቀሩት አሮጌ ቤቶች የምትኖሩ ሰዎች እዚህ ላይ ችግር አለባችሁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የምትሰሙት ኮቴ የጌሙ ይሁን የኮርኒሱ ለመለየት ኢርፎኑን ማውለቅ ሊኖርባችሁ ነው።

ቋንቋውን ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ፈረንሳይኛ ቀይሩት። የእንግሊዝኛው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ጥሩ ነው። ግን ታሪኩ ፈረንሳይ ነው፣ ሠሪዎቹም ፈረንሳዮች ናቸው፣ እና የሁጎ ለቅሶ በፈረንሳይኛ ሌላ ነገር ነው። ሊሴ ገብረማርያም የተማረ ጓደኛ ካላችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት። ሌሎቻችን የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከታች እናነባለን። አማርኛ የለውም፣ መቼም።

ስለ ዘመኑ ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል፣ ብዙ ግን አያስፈልግም። ወሩ ኖቬምበር፣ ዓመቱ 1348 ነው፣ በእኛ ህዳር 1341 ዓ.ም. አካባቢ ማለት ነው። እዚህ ዐፄ ሰይፈ አርዕድ ነግሠው ነበር። እዚያ ደግሞ፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሁለት መዓት በአንድ ላይ ወርዷል። በ1337 በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል የጀመረው የመቶ ዓመቱ ጦርነት አለ። በላዩ ላይ ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ገብቷል፤ ከአውሮፓ ሕዝብ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ የጨረሰው። አሶቦ ራሱ ቦርዶ ከተማ ነው ያለው፣ የሰፈራቸውን ታሪክ ነው የሠሩት ማለት ይቻላል። የአይጡ ብዛትና ባሕርይ ግን የጌሙ ፈጠራ ነው። የእውነቱ በሽታ የሚተላለፈው በዋናነት በአይጥ ላይ በሚኖር ቁንጫ ነበር። አይጦች እንደ ወንዝ ከመሬት ፈንድተው ሰው በልተው አያውቁም።

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ህዳርና ወረርሽኝ አብረው መጠራታቸው እንግዳ አይደለም። ህዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ ተከምሮ ሲቃጠል፣ ህዳር ሲታጠን፣ መነሻው በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን የጎዳው የህዳር በሽታ ነው። ጌሙ ውስጥም እሳት ያለበት ቦታ ሰው የሚድንበት ቦታ ነው። ይሄን ያዙ፣ በኋላ ይመጣል።

አሁን ጨዋታው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ጫካ ውስጥ ነው። አሚሲያ፣ አባቷ እና ውሻዋ። ፀሐይ በቅጠሉ መሀል ትገባለች፣ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ነው፣ ሁሉ ነገር ደስ ይላል። እዚህ አትሩጡ። አባትየው ፖም በወንጭፍ እንድትመቱ ሲጠይቃችሁ ዝም ብላችሁ አንዱን መታችሁ አትለፉ። ሌሎችንም ሞክሩ፣ ከቅርብም ከርቀትም። አንዱን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ ወንጭፉ መዞር ይጀምራል፣ ታነጣጥራላችሁ፣ በሌላው ትለቃላችሁ። ልብ በሉ፣ ሲዞር ድምፅ አለው። ለመዞርም ጊዜ ይፈልጋል። እዚህ ጫካ ውስጥ ማንም ስለማይሰማችሁ ግድ አይሰጣችሁም፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ያቺ ድምፅ ናት የምታስገድላችሁ። እጃችሁ ርቀቱን እዚህ ይልመድ። ውሻው ላይ ግን ብዙ ልባችሁን አትጣሉ፣ ይሄን ብቻ ነው የምለው።

ከዚያ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ፣ ወታደሮች ግቢውን ሰብረው ይገባሉ፣ እና በገዛ ቤታችሁ ተደብቃችሁ ትወጣላችሁ። እዚህ ላይ ነው ሁጎ እጃችሁን የሚይዘው። ልጁ ታሞ ያደገ ነው፣ ከክፍሉ ወጥቶ አያውቅም፣ እህቱንም በደንብ አያውቃትም። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ የኖሩ ባዳዎች ናቸው። የጌሙ ታሪክ እነዚህ ሁለት ልጆች እንዴት እህትና ወንድም እንደሚሆኑ ነው፤ ወታደሩም አይጡም ለዚያ ማሳበቢያ ነው ብል አላጋነንኩም።

በአጨዋወትም እንዲሁ ነው። ሁጎን «እዚህ ቆይ» ብላችሁ ትታችሁት መሄድ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ላይ ያጓጓል፣ ብቻችሁን ስትሆኑ ትፈጥናላችሁና። ግን ከራቃችሁበትና ከቆያችሁ መፍራት ይጀምራል፣ ይጣራል፣ ያለቅሳል፣ ጠባቂውም ይሰማል። ስለዚህ እሱን የምትተዉት ለአጭር ሥራ ብቻ ይሁን፦ አንድ ማሰሮ ለማንሳት፣ አንድ ሰው ለመምታት፣ በር ለመክፈት። ሥራው ሲያልቅ ተመለሱና እጁን ያዙ። በተቃራኒው ደግሞ እናንተ የማትገቡባት ጠባብ ቀዳዳ ካለች ሁጎ ይገባል፣ ከወዲያ በኩል በሩን ይከፍትላችኋል። ግራ ሲገባችሁ ግድግዳው ሥር የተሰበረ ቦታ ፈልጉ። አንዳንዴ መልሱ ወገባችሁ በታች ነው ያለው።

እኔ ቤት ስጫወት የአክስቴ ልጅ ከጀርባዬ ተቀምጣ ነበር የምታይ። ስለ ጌም ምንም አታውቅም። ሁጎን ሳር ውስጥ ትቼ ድንጋይ ልለቅም ስሄድ «ኧረ ልጁን! ልጁን!» ብላ ጮኸች። እሷ ከኔ ቀድማ ነው ጌሙ የገባት።

ጠባቂዎች ላይ እንምጣ። አንድ ጊዜ ከደረሱባችሁ አለቀ፣ ሁለተኛ ምት አያስፈልጋቸውም። ሩቅ ሆነው ካዩአችሁ ግን ጊዜ አለ። ዘወር ብላችሁ ሩጡ፣ የዓይናቸውን መስመር በግድግዳ ቁረጡ፣ ረጅም ሳር ውስጥ ግቡና ተንበርከኩ። ትንሽ ይፈልጓችኋል፣ ከዚያ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። እውነቱን ለመናገር በጣም ብልህ አይደሉም። ሌላ ድብብቆሽ ጌም የለመዳችሁ ሰዎች ትስቁባቸዋላችሁ።

ለማዘናጋት ሁለት ነገር አላችሁ። አንደኛው ማሰሮ ነው፣ ትወረውሩታላችሁ፣ ይሰበራል፣ ጠባቂው ሊያይ ይሄዳል። ሁለተኛው ድንጋይ ነው፣ ግን ዝም ብሎ መሬት ላይ ብትወረውሩት ዋጋ የለውም፣ ብረት ነገር ላይ መምታት አለበት። ማሰሮ አትቆጥቡ። ብዙ ሰው «ለክፉ ቀን» ብሎ ይዞት ይዞራል፣ ቀጣዩ ቦታ ላይ ሌላ ማሰሮ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ስትወረውሩ ደግሞ እናንተ ከምትሄዱበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይሁን። ይሄን መናገር አያስፈልግም ነበር፣ ግን ሰው ሲጫወት አይቻለሁ፣ ያስፈልጋል።

ራሱን ያልሸፈነ ወታደር አንድ ድንጋይ ይበቃዋል፣ ዳዊትና ጎልያድ ነው ነገሩ። የራስ ቁር ያደረገውን ግን ብትመቱት ራሳችሁን ማጋለጥ ነው። በኋላ ዴቮራንቲስ የሚባል በወንጭፍ የሚወረወር ቅመም (ድብልቅ) ታገኛላችሁ፣ ቁሩን አስወልቆ ያስጥለዋል፣ ያኔ ትችላላችሁ። እስከዚያው እለፉት። መግደል ስለምትችሉ ብቻ አትግደሉ። ወንጭፉ ሲጮኽ ሌላው ይዞራል፣ ከዚያ ሁለቱንም መሸሽ ነው። እና ደግሞ አሚሲያ የመጀመሪያውን ሰው ስትገድል ድምፅዋን ስሙት። ጌሙ እንደ ቀልድ እንድታልፉት አይፈልግም።

ሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ አንድ ጥሩር የለበሰ ግዙፍ ሰው ይጋፈጣችኋል። ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ነው። ደረቱን መምታት ትርጉም የለውም። ጥሩሩን የያዙትን ማሰሪያዎች እያነጣጠራችሁ ምቱ፣ ብረቱ ይወድቃል፣ ከዚያ ራሱን ታገኙታላችሁ። ቆማችሁ አትተኩሱ። ሲመጣ ዘወር በሉ፣ ሲስት አንድ ምቱ፣ እንደገና ዘወር በሉ። እንዲህ ዓይነቱ ፍልሚያ የዚህ ጌም ደካማ ጎን ነው። ወንጭፉ ለዚህ አልተሠራም፣ ካሜራውም ይጨናነቃል። ቶሎ ጨርሳችሁ ውጡ።

አሁን አይጦቹ። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ይባላል፤ እዚህ የምትሞተው ድመቷ ናት። መጀመሪያ በደንብ የምታገኟቸው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው ጨለማ ውስጥ። መሬቱ ይከፈትና ጤፍ ከተቀደደ ጆንያ እንደሚፈስ ይፈሳሉ፣ ዓይናቸው ብቻ ያበራል። ሠሪዎቹ በአንድ ጊዜ እስከ 5000 አይጥ ስክሪኑ ላይ እንደሚያወጡ ተናግረዋል። ስታዩት አታምኑም አትሉም።

ሕጉ አንድ ነው፦ ብርሃን ውስጥ አይገቡም። ቀሪው በሙሉ ከዚህ የሚመጣ ሒሳብ ነው። የቆመ እሳት እስካለ ድረስ ዙሪያው ደህና ነው። የሚነድ እንጨት በእጃችሁ ይዛችሁ ስትሄዱ አይጦቹ ግራና ቀኝ እየተከፈሉ መንገድ ይሰጧችኋል፣ ጀርባችሁ ላይ ግን ወዲያው ይዘጋሉ። እንጨቱ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ከመለኮሳችሁ በፊት ቀጣዩ እሳት የት እንዳለ በዓይናችሁ ያዙ፣ ከዚያ ለኩሱና ሳትቆሙ ሂዱ። መሀል ላይ ቆሞ ማሰብ የለም። ማሰቡ ብርሃን ውስጥ ሆናችሁ ነው። ብርሃን ውስጥ እስካላችሁ ማንም አያቻኩላችሁም፣ ብትፈልጉ ቡናችሁን አፍልታችሁ ተመለሱ።

የተንጠለጠለ ሥጋ ካያችሁ ገመዱን በወንጭፍ ምቱት። አይጦቹ ወደዚያ ይሮጣሉ፣ እናንተ በዚህ ታልፋላችሁ። በአራተኛው ምዕራፍ ሉካስ የሚባለውን የአልኬሚስት (የድሮ ዘመን ቅመም ቀማሚ) ተማሪ ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ኢግኒፈር የሚባለው ቅመም ፍም ከሩቅ ያቀጣጥላል። በኋላ የሚመጣው ኤክስቲንግዊስ በተቃራኒው እሳት ያጠፋል። ኦዶሪስ አይጦችን ወደ አንድ ቦታ ይጠራል። ሉሚኖሳ ቀረብ ያሉትን ባንዴ ይጠርጋል፣ ግን ውድ ነው፣ ለጭንቅ ይቀመጥ። ቅመም ለመምረጥ የሚከፈተው ክብ ሜኑ ጊዜውን በጣም ያዘገየዋል። አይጥ እግራችሁ ሥር ደርሶም ቢሆን ከፍታችሁ መሥራት ትችላላችሁ፣ እጃችሁ አይንቀጥቀጥ።

አንድ ቦታ ላይ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ። ፋኖስ የያዘ ጠባቂ አለ። ጨለማ ውስጥ ብቻውን ይዞራል፣ ዙሪያውን አይጦቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ እሱ በዚያች ትንሽ ብርሃን ውስጥ እያጉረመረመ ይሄዳል። ሰውየውን መምታት አያስፈልጋችሁም። ፋኖሱን ምቱ። መስታወቱ ይሰበራል፣ ለአንድ አፍታ ምንም አይሆንም፣ ሰውየው ወደ እጁ ያያል፣ ከዚያ ይጮኻል። አጨዋወቱን ብቻ ካያችሁት ብልህ ዘዴ ነው፣ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ሰው። ግን ሁጎ እጃችሁን ይዞ አጠገባችሁ ቆሟል፣ ያያል። እኔ ከዚያ በኋላ በተቻለኝ መጠን ፋኖስ አልነካም ብዬ ነው የተጫወትኩት። የማይታለፍበት ቦታ አለ፣ ጌሙ ያስገድዳችኋል፣ ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማችኋል። ሠሪዎቹ ይሄን አስበውበት ይመስለኛል።

ስለ ዕቃ ባጭሩ። በየጥጉ ድኝ፣ አልኮል፣ ሳልትፒተር፣ ቆዳ፣ ጨርቅና ገመድ ታገኛላችሁ። እነዚሁ ዕቃዎች ቅመምም ይሆናሉ፣ ወንጭፋችሁንና ልብሳችሁንም ያሻሽላሉ፣ ለሁለቱም ግን አይበቁም። የሥራ ጠረጴዛ ስታገኙ ምን እናሻሽል ለምትሉ፣ የኔ አስተያየት መጀመሪያ ኪስና ቦርሳ ነው። መያዝ ያልቻላችሁትን መሬት ላይ ትታችሁ ከመሄድ ይሻላል። ሁለተኛ የወንጭፉ ፍጥነትና ድምፅ። ሌላው ሲተርፍ። ሁሉንም በአንድ ዙር መጨረስ ይከብዳል፣ አትጨናነቁ። ዕቃ ለመልቀም ግን ከመንገዱ ወጣ በሉ። ጌሙ አንድ መንገድ ነው ያለው፣ ግን በየበሩ ጀርባ ትንሽ ክፍል አለች፣ እዚያ ነው ጥሩ ጥሩው የሚቀመጠው።

አበቦቹንም እለፉ አልላችሁም። በየምዕራፉ ተደብቀው አሉ፣ ሁጎ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፣ አንዷን ከአሚሲያ ፀጉር ላይ ተሰክታ ታዩዋታላችሁ። ለውጊያ ምንም ጥቅም የላትም። እኔ ግን ፀጉሯ ባዶ ከሆነ አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል።

ምን አልወደድኩም? መንገዱ ጠባብ ነው፣ ዞር ዞር ብላችሁ የራሳችሁን መላ የምትፈጥሩበት ቦታ ጥቂት ነው። ትንሽ ካሰባችሁ ደግሞ አጠገባችሁ ያለው ልጅ መልሱን ይነግራችኋል፣ «አሚሲያ፣ ያንን ሰንሰለት አየሽው?» ዓይነት። አየሁት፣ እሺ፣ ተወኝ። ጀማሪ ግን በዚህ አይከፋም፣ እንዲያውም መጀመሪያ ድብብቆሽ ጌም ለሚሞክር ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ሙዚቃው ደግሞ የኦሊቪዬ ደሪቪዬር ነው፣ ቼሎው ሆድ ይበላል። ማታ ከጨረሳችሁ በኋላ ጆሯችሁ ውስጥ ይቀራል።

ልጆች ታሪኩ ውስጥ ስላሉ የልጆች ጌም እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓው የጌም ዕድሜ ደረጃ (ፔጊ) 18 ዓመት ለሞላው ነው የተባለው፣ ምክንያትም አለው። አምስተኛው ምዕራፍ ሬሳ የሞላበት የጦር ሜዳ ነው፣ በሬሳው መሀል ነው የምትሄዱት። ሳሎን ቲቪ ላይ ከሆነ የምትጫወቱት ትንንሾቹ ከተኙ በኋላ ክፈቱት።

አምስተኛውን አልፋችሁ ስድስተኛው ላይ ሜሊ እና አርተር የሚባሉትን ሌቦች ካገኛችሁ፣ ከዚያ በኋላ የኔ ምክር አያስፈልጋችሁም። እጃችሁ ለምዷል፣ ጌሙም ብቻችሁን አይተዋችሁም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ጨርሳችሁ ሁለተኛውን ክፍል፣ «ሪኩዌም»ን፣ ልትገዙ ስትሮጡ ማሽናችሁን አስታውሱ። በፈረንጆቹ 2022 የወጣው ያ ክፍል ፒኤስ4 ላይ የለም። ፒኤስ5፣ አዲሱ ኤክስቦክስ ወይም ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ማንም ሻጭ «ፒኤስ4 ላይ ይሠራል» ብሎ ሲዲውን ቢሰጣችሁ ሽፋኑን አዙራችሁ አንብቡ።